የሬድስቶኑ ሳጥን የተከፈተ ቀን

«ቅደዱት እንጂ! ምን ይጠብቃሉ?» ሌኒ ጠረጴዛውን በጡጫ ሲደልቀው የቀለም ብልቃጦቹ ዘለሉ። «ፈሩ እንዴ?»

«እጄን እንዳታስተኝ ዝም በል» አሉ ሚስተር ሆሊስ፣ ትንሿን ቢላዋ ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው ስለቷን እያዩ። «የዚህ ሳጥን ላስቲክ ሰው ሳይነካው ከእኔ ትዳር በላይ ቆይቷል።»

«የእርስዎማ ትዳር ስንት ጊዜ ተቀደደ!» አለ ሌኒ፤ ጓዳው በሳቅ ተሞላ።

ኮሪን ግን አልሳቀችም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚስ ቨርና ሱቅ ጓዳ ከሚሰበሰቡት የቶሊዶ ከተማ ሞዴል መኪና ገጣጣሚዎች ሁሉ ታናሿ እሷ ናት። የቀሩት ዕድሜያቸውን ሙሉ በመኪና ፋብሪካ ሠርተው፣ ጡረታ ወጥተው ደግሞ በመዳፍ የሚያዝ የፕላስቲክ መኪና እየገጣጠሙ የሚጨቃጨቁ ሰዎች ናቸው። ሲጨቃጨቁ ደግሞ ለጉድ ነው! ያን ሰሞን የጠቡ ምክንያት ሬድስቶን የምትባል ሞዴል መኪና ነበረች። የሞዴሉ ፋብሪካ የ1963ቱን ሬድስቶን በመጪው ዓመት እንደገና ሊያወጣ ነው የሚል ወሬ ከተሰማ ወዲህ ጓዳው ሰላም አላየም።

«የምትቀረጽበትን ፎርማ ድሮ ቆራርጠው የእሽቅድምድም መኪና ማውጫ አድርገውታል» ይላል ሌኒ። «የመጀመሪያው ኮፈን ጠፍቷል። አሁን የሚያወጡት ከጭንቅላታቸው የፈጠሩትን ነው። እውነተኛውን ኮፈን ያየ ሰው በምድር ላይ የለም!»

ባለፈው ቅዳሜ ይህንኑ ሲደጋግም ነው ኮሪን ከአፏ ያመለጣት። «እኛ ቤት አለ። ሳጥኑ እንደታሸገ ነው።»

ሌኒ ሙድ ያዘባት። «እኛ ቤት ደግሞ ዳይኖሰር አለ፣ የኔ እመቤት።» ይሄ ነው ያናደዳት። እልህ ይዟት «አመጣዋለሁ» አለች፤ ይኸው አመጣችው።

የማኅበሩ ልማድ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው። አንዲት መኪና እንደገና ልትወጣ መሆኑ ሲሰማ፣ ያልተከፈተ የጥንት ሳጥን ያለው ሰው ይዞ ይመጣል፤ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆነው ላስቲኩን ይቀድዳል፤ ከዚያ ሁሉም በየተራ አፍንጫውን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ የድሮውን ፕላስቲክ ሽታ ይስባል። ባለቤቱ በአፉ «ቅደዱ» ካላለ ግን ማንም ጫፉን አይነካም። በዚህ ቀልድ የለም።

«ዳሬል ያውቃል?» አሉ ሚስተር ሆሊስ፣ ቢላዋዋን ከላስቲኩ በላይ እንደያዙ።

ዳሬል ወንድሟ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አባታቸው ከሞተ ወዲህ ጎሚስታ እየሠራ የሚያሳድጋት እሱ ነው። ሳጥኑ የአባታቸው ነበር። አባታቸው «አንድ ቀን ሦስታችን እንገጥማታለን» እያለ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ዳሬል ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከልብሶቹ ሥር ደበቃት። ማንም እንዲነካት አይፈልግም። ኮሪን እንኳ አቧራዋን ልትጠርግ ስትል «እጅሽን!» ብሎ ጮኾባት ያውቃል።

«ያውቃል» አለች ኮሪን። «ውሰጃት ያለኝ እሱ ነው።»

«ነፍሱን ይማርልን፣ አባትሽ ደስ ይለው ነበር። በይ እንግዲህ።»

«ቅደዱ» አለች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን ገና ከአፏ እንደወጣ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። ላስቲኩ ጠሽ ብሎ ተተረተረ። ሌኒ ክዳኑን አንስቶ የመኪናዋ ክፍሎች የተያያዙባቸውን የፕላስቲክ ፍሬሞች አገላበጠ፤ ከዚያ አንዱን ወደ መብራቱ ከፍ አደረገ። ኮፈኑ ነበረ። ጠፍጣፋ፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ሸንተረር ያለው፣ ሌኒ በምድር ላይ የለም ያለው ኮፈን!

«ወይ ጉድ!» አለ ሌኒ። አቀፋትና ከመሬት አነሳት። «ይቅርታ የኔ እመቤት፣ ፋራው እኔ ነኝ! ቨርና! ፋብሪካው የላከውን የአዲሷን ፎቶ ክፈቺልን፣ እናመሳክር!» ሁሉም እየተጋፉ ወደ ፊተኛው ክፍል ወጡ።

ጓዳው ውስጥ ሚስተር ሆሊስና ኮሪን ብቻ ቀሩ። ሽማግሌው ኮፈኑን ከተያያዘበት ፍሬም በቢላዋዋ ጫፍ ቀስ እያሉ ይለያሉ፤ ያንጎራጉራሉም። ኮሪን ደስ አላት። ማታ ለዳሬል እንዴት እንደምትነግረው ማሰብ ጀመረች። ይቆጣል፤ ግን ኮፈኑን ሲያይ ምናልባት፣ ምናልባት እሱም...

የኋላው በር ተከፈተ።

«ኮሪን፣ ተነሺ እንሂድ፣ መኪናው እንደበራ ነው» አለ ዳሬል። ከዚያ ጠረጴዛውን አየ። የተቀደደውን ላስቲክ አየ። ፊቱ ነጣ።

ሚስተር ሆሊስ ቀና ብለው ፈገግ አሉ። «ና ዳሬል፣ ና እይ! የአባትህ ሳጥን ውስጥ...»

አልጨረሱትም። የዳሬል ቡጢ መንጋጋቸው ላይ ሲያርፍ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ሽማግሌው ከነወንበራቸው ወደ ኋላ ተገነደሱና ከኋላቸው ከነበረው የመስታወት ቁም ሳጥን ጋር ተላተሙ፤ መስታወቱ ረገፈ፤ የአርባ ዓመት ሥራቸው፣ በቀለም በቀለሙ የተደረደሩት ሞዴል መኪኖች ሁሉ ላያቸው ላይ ወረዱ። ዳሬል ኮሌታቸውን ይዞ አነሳቸውና ደገመ። ሰለሰ።

«ዳሬል! ተው! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያመጣሁት!» ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። ሳያያት በክርኑ አፏን መታት፤ ወደቀች፤ ደሟን ዋጠች። ከወለሉ ሆና የቀረውን ሁሉ አየች። ሚስተር ሆሊስ ባዶ እጃቸውን ብቻ ፊታቸው ላይ ጋርደዋል። ቢላዋዋን የያዘው እጃቸው ጎናቸው ሥር ተረስቷል፤ አንዴም አላነሱትም። ዳሬል በሥራ ጫማው የጎድን አጥንታቸውን ረገጠ፤ ከጫማው ሥር ትንንሾቹ መኪኖች ተንኮሻኮሹ። ሊደግም ሲል አዳልጦት በመዳፉ የመስታወት ስባሪ ላይ ተደገፈ፤ እጁ ደም በደም ሆነ።

ሌኒና ሌሎቹ ሲገቡ ያዩት ይህንን ነው፤ ቢላዋ የጨበጠ ሽማግሌ ወለል ላይ፣ እጁ የሚደማ ወጣት ከበላዩ። ሌኒ ዳሬልን ከኋላ አንቆ ወደ ግድግዳው ወረወረው። ሚስ ቨርና እየጮኹ ስልኩን አነሱ።

አምቡላንሱ ሚስተር ሆሊስን ሲወስድ አንዲት ቃል መናገር አልቻሉም። መንጋጋቸው ወደ ጎን ሄዷል፤ አንድ ዓይናቸው ተደፍኗል። ሚስ ቨርና ሹራባቸውን አልብሰዋቸው እስከ በሩ ተከተሏቸው።

ዳሬል ጥግ ይዞ ተቀምጧል። መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሏል። ኮሪን አጠገቡ እንድትቀመጥ በዓይኑ ጠራት፤ ሄደች።

«አፍሽን አመመሽ?» አለ ቀስ ብሎ። ድምፁ ማታ ማታ ማካሮኒ ቀቅሎ «ብዪ እንጂ» የሚልበት ድምፅ ነበር።

«ደህና ነኝ።»

«ስሚኝ። ቢላዋ ይዞ መጣብኝ። አይተሻል። እጄን ቆረጠኝ፣ እኔ ራሴን ነው የተከላከልኩት። በቃ፣ ይሄንን ብቻ ነው የምትዪው።»

«እሳቸው እኮ...»

«ፍርድ ቤት በገደብ ነው የለቀቀኝ፣ ኮሪን! አሁን እስር ቤት ከገባሁ አልወጣም። አንቺንስ ማን ይወስድሻል? የማታውቂው ሰው ቤት ነው የሚወረውሩሽ።» ከዚያ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። «ደግሞ ያመጣሻት አንቺ ነሽ። ዋሽተሽ ነው ያመጣሽው። እዚህ ያደረስሽኝ አንቺ ነሽ።»

ይኼኛው ከክርኑ ይልቅ አመማት፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። «ያውቃል» ባትል ኖሮ ማንም ላስቲኩን አይነካም ነበር። አሁን እሱ ያለውን ብትል የእሷም ውሸት አብሮ ይቀበራል። ማንም አያውቅባትም። ማታ ወደ ቤት ይገባሉ፤ ማካሮኒውም ይቀቀላል። እንዴት እንደሚዋሽ ደግሞ ታውቃለች። ባለፈው ክረምት ጣቷ የተሰበረ ጊዜ ሐኪሙ ሲጠይቃት ዓይኗን ሳታሽ «በር ተዘጋብኝ» ብላለች። በሩን የዘጋው ማን እንደሆነ ሐኪሙ አልጠየቃትም።

ፖሊሷ ገባች። ቢላዋዋን አየች፤ የዳሬልን እጅ አየች። ዳሬል ረጋ ብሎ ተረከላት። ቢላዋውን እንዴት እንደሰነዘሩ በእጁ ሳይቀር አሳየ፤ ልቅም ያለ ታሪክ ነበር።

«አንተስ ምን አየህ?» አለችው ሌኒን።

ሌኒ አንገቱን አከከ። «አጀማመሩን አላየሁም። ሚስተር ሆሊስ ቢላዋ ያነሳሉ? ሃያ ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ ዝንብ አይገድሉም።» ወደ ደሙ አየ። «ግን ቢላዋው እጃቸው ላይ ነበር... እኔ እንጃ። የሰው ነገር አይታወቅም።»

ኮሪን ሌኒን ቀና ብላ አየችው። አሁን ሚስተር ሆሊስ በስለት ሰው የሚወጉ ሰው ሊሆኑ ነው? ጥርስ ቀርቷቸው ቢሆን፣ አፋቸውን መክፈት ቢችሉ፣ መጀመሪያ የሚሉት «ልጅቷ ተጎዳች?» ነበር።

ፖሊሷ ፊት ለፊቷ በርከክ አለች። «አንቺ ጓዳው ውስጥ ነበርሽ አይደል? ስምሽ ማነው?»

«ኮሪን።»

«ኮሪን፣ ከንፈርሽ ተሰንጥቋል።» ወደ ዳሬል ገልመጥ አለች። «ከፈለግሽ ውጭ ወጥተን ለብቻችን እናውራ።»

ዳሬል ትክ ብሎ ያያታል። የጠቀለለው ጨርቅ ውስጥ ጣቶቹ ተጨበጡ። ፊቱ ላይ ግን ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ፍርሃትም ነበረበት፤ እንዲያ ሲሆን ቁርጥ አባታቸውን ይመስላል። ታዝንለታለች። ትፈራዋለችም። እጇን ዘርግታ የጠረጴዛውን እግር ጨበጠች።

«አይ» አለች። «እዚሁ ይሁን። እሱም ይስማ።»

ፖሊሷ እስክሪብቶዋን አወጣች።

«መጀመሪያ» አለች ኮሪን፣ ዓይኗን ከወንድሟ ሳትነቅል፣ «የዋሸሁት እኔ ነኝ።»