የላስሎ ቀይ ጭረቶች

ላስሎ የሞተው ረቡዕ ከሰዓት፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሃንጋሪ ውስጥ አርባ ዓመት በመድረክና በፊልም የነገሠ ተዋናይ፣ በስደት በሚኖርባት በሊንደን ከተማ ግን ጎረቤት እንኳ ስሙን የማያውቀው ሽማግሌ። ጭኑ ላይ በእጁ የጻፈው ወረቀት ተገኘ። ልጁ ኢሎና እያለቀሰች ለፖሊስ በእንግሊዝኛ አነበበችው። «ደክሞኛል። መጋረጃው ይዘጋ። ይቅር በሉኝ።»

ክኒን ውጦ ራሱን አጠፋ ተባለ። ክኒኑን መቆለፍ የነበረባት አስታማሚው ጀነት የሥራ ፈቃዷን ልትነጠቅ፣ ምናልባትም ልትከሰስ ሆነ።

የጀነት እናት እትዬ ሀዋ የሽማግሌውን ሸሚዝ ይተኩሱ ነበር። ፊደል አልቆጠሩም፤ ዓይናቸውን ግን ማንም አያታልለውም።

«ቆልፈሻል?»

«ወላሂ ቆልፌያለሁ፣ እማ! ጠዋት ከመውጣቴ በፊት።»

«ሌላው ቁልፍስ?»

«ኢሎና ጋ ነው።»

የላስሎን የሕይወት ታሪክ ይቀርጽ የነበረውን ተማሪ ሰልማንን ጠሩት።

«የወረቀቱን ፎቶ አሳየኝ።»

«ፎኔ ላይ አለ፣ እትዬ። ግን ሃንጋሪኛ ነው፤ አያነቡትም።»

«አማርኛ ቢሆንስ አነበው መስሎህ ነው? አምጣው!»

ብዙ አዩት። በቃላቱ መሀል ትንንሽ ቀይ ጭረቶች ነበሩ።

«ሰኞ ሪኮርድ ያደረግከውን ክፈት።»

በማግስቱ መርማሪው፣ ኢሎናና ጀነት ለወረርሽኙ ማስካቸውን አድርገው ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጡ። እትዬ ሀዋ ቆመው ተናገሩ፤ ሰልማን አስተረጎመ።

«ከኢሎና በቀር ወረቀቱን ያነበበ አለ? የለም። ሁላችሁም እንደኔ መሃይም ነበራችሁ። እኔ ግን መሃይምነቴን አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ቃሉን ትቼ ጭረቱን አየሁ። ሰኞ ዕለት ይኸው ሽማግሌ፣ ይኸው ወረቀት በእጁ፣ ቀይ እርሳስ ይዞ ቃሉን ሲያጠና ተቀርጿል። ከሃያ ዓመት በኋላ ለፊልም ጠርተውት፣ ሐሙስ ሊበር ነበር። ጭረቱ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ነው። ሊሞት የተቀመጠ ሰው የት እንደሚተነፍስ ምልክት ያደርጋል?»

መርማሪው ወደ ኢሎና ዞረ።

«የፊልም ቃል መሆኑን እያወቀች ኑዛዜ ነው አለች» አሉ እትዬ ሀዋ። «ቁልፉም እሷ ጋ ነው። ረቡዕ ጀነት ከወጣች በኋላ ክኒኑን ሾርባ ውስጥ አሟሙታ ያበላችውስ ማን ናት?»

ኢሎና አሁን አላለቀሰችም።

«ስድስት ዓመቴ እያለ ቲያትር አለኝ ብሎ ወጣ፤ ሃያ ዓመት ቀረ» አለች። «ሲያረጅ እኔ አነሳሁት። ሰሞኑን ደግሞ ሻንጣውን እየዘፈነ ያዘጋጅ ነበር። ትመጪያለሽ ወይ እንኳ አላለኝም።»

መርማሪው ይዟት ሲወጣ እትዬ ሀዋ ለጉዞው የተኮሱትን ነጭ ሸሚዝ ከበሩ ጀርባ አወረዱ፤ ለሰልማን ሰጡት።

«በዚህ ቅበሩት» አሉ። «ጀነት፣ ተነሺ። ነገ ሥራ አለብሽ።»