ከማማው ሥር የሚጠይቀው ድምፅ

«ግዝፈቱ ሁለት ኪሎ የሆነ ድንጋይ ነው። ፍጥነቱ በየሰከንዱ በሦስት ሜትር ይጨምራል። የገፋው ኃይል ስንት ነው?»

ግሪሳው ላይኛው ማሳ ላይ ሰፍሮ ማሽላውን ያራግፈዋል። ዘርትሁን ማማው ላይ ቆማ ወንጭፏን ታሽከረክራለች፤ ታላቅ ወንድሟ ሞገስ ደግሞ ከማማው ሥር፣ አገዳ መሃል ተጋድሞ ሒሳብ ይጠይቃታል።

«ጋሼ፣ አሁን ይሄ የሒሳብ ሰዓት ነው? እህሉ አለቀ እኮ!»

«ግዝፈቱን በፍጥንጠቱ፣ በፍጥነቱ ጭማሪ አባዢው። ምን ይከብዳል?»

«ስድስት! ስድስት ነው! አረፍክ?»

ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የሞገስ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የተማረ ወጣት እየታደነ ስለሚገደል ቀን ቀን ቀወት ያለው እርሻቸው ውስጥ ይደበቃል። መደበቁስ ደግ ነበር፤ አፉ ግን አያርፍም። ያቋረጠውን ፊዚክስ በሙሉ እሷ ላይ ካልጨረሰው እንቅልፍ የለውም።

«ለመሆኑ ይህን ያወጣው ማነው?»

«አንድ ፈረንጅ።»

«የመጣብን ፈረንጅ አነሰና!»

በንዴት ትልቁን ድንጋይ አንስታ ወነጨፈችው። ግዝፈቱ ከበለጠ ርቆ ይሄዳል ብላ ነበር። ድንጋዩ እዚያው አጠገቧ ዱብ አለ። ግሪሳው ንቅንቅ አላለም። ሞገስ ከሥር ሳቀ።

«ክንድሽ ያው ክንድ ነው። ግዝፈቱን ስትጨምሪበት ፍጥንጠቱ ይቀንሳል። ትንሹን...»

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

ጠመንጃ ያነገተ ባንዳ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ከማሳው ጥግ ቆሟል። ሞገስ አገዳው ሥር መሬት ላይ ተለጠፈ።

«ከወፍ ጋር ነዋ፣ ጌታዬ! ከማን ጋር ላወራ ኖሯል? ከጧት ጀምሮ ስሳደብ ጉሮሮዬ ደረቀ!»

ይህን ስትል እጇ ትንሽ ጠጠር አግኝቶ ነበር። አሽከርክራ ለቀቀችው። ጠጠሩ እያፏጨ ማሳው መሃል ገባ፤ ግሪሳው ግር ብሎ ተነስቶ በባንዳው ራስ ላይ አለፈ። በቅሎዋ ደነበረች። ሰውዬው እየተራገመ፣ ልጓሙን እየጎተተ ወደ ሸዋ ሮቢት አቀና።

የበቅሎዋ ኮቴ ሲርቅ የሞገስ ድምፅ ከሥር መጣ።

«በቃ። ከዛሬ ወዲያ ትምህርት የለም። እኔን ካገኙኝ አንቺንም አይተዉሽም።»

ስንት ቀን የለመነችው ይህንኑ ነበር። እፎይ ማለት ነበረባት። እሷ ግን ጭራሽ ተናደደች፤ ያ ሰው መጥቶ የወንድሟን አፍ ዘግቶ ሄደ ማለት ነው? ማማው ላይ ቁጭ አለች። መንገዱን ግራና ቀኝ አየች። ማንም የለም።

«ክንዴ ያው ከሆነ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ግዝፈቱን በግማሽ ብቀንሰው ፍጥንጠቱ እጥፍ ይሆናል?»

ወንጭፏን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ አገዳው ጎንበስ አለች።

«እየጠየቅኩህ ነው፣ ጋሼ።»