የዘሊካ የይለፍ ወረቀት

«ስምሽ ማን ነው?» አለች ሁሪያ፣ ድምፅዋን እንደ በረኛው አስተርጓሚ በአፍንጫዋ እያወጣች።

«ዘሊካ።»

«የማን ልጅ?»

አየሁሽ መልሱን ታውቀዋለች፤ ሆኖም ከአፏ አልወጣ አላት። «ዘሊካ» ባለች ቁጥር የሁሪያ ዓይን ወደ መሬት ይወርዳል። ይህ ሦስተኛ ልምምዳቸው ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ እንዲሁ ሆነ።

«በሩ ላይ እንዲህ ከተንተባተብሽ እኔን ያስሩኛል፣ አንቺን ደግሞ ዲዳ ናት ብለው ይምሩሻል» አለች ሁሪያ። ከዚያም ሰማያዊውን ሻሽ በአየሁሽ ራስ ላይ ጠመጠመችላት። የገዛ ልጇ ሻሽ ነበር።

አየሁሽ እዚህ ቤት ስትኖር ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል። ጣሊያን መተማን በያዘ ሰሞን አባቷ ደምለው ጫካ ገባ፤ የሸማቂ ሚስት እየተለቀመች መታሰር ስትጀምር እናቷ አገኘሽ ድንበሩን ተሻግራ ወደ ገላባት ሸሸች። አየሁሽ በዚያ ሳምንት ንዳድ ጥሏት መራመድ አትችልም ነበርና እናቷ ለአጥር ጎረቤቷ ለሁሪያ አደራ ሰጥታት ሄደች። አደራው ለሁለት ሳምንት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የድንበሩ በር ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ለመሻገር የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ የሚሰጠው ለነጋዴ ቤተሰብ ብቻ ነው። የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ በክንድ ላይ መታየት አለበት፤ ጧት የወጣ ሁሉ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መመለስ አለበት፤ በወረቀቱ ከተጻፉት አንዱ ቢሞት ስሙ ቢሮ ቀርቦ ይሰረዛል። ያለ ወረቀት ደረቁን ወንዝ የሚሻገር በጥይት ይመታል። የሸማቂ ልጅ ወረቀት ልጠይቅ ብትል እንኳ ወሬው የሚደርሰው አባቷን ከሚያሳድዱት ዘንድ ነው።

የሁሪያ ወረቀት ሁለት ስም ይዟል፤ የእሷንና የልጇን። ዘሊካ፣ ዕድሜ አሥራ ሦስት። ዘሊካ ግን በመስከረም በንዳድ ሞታለች። የሁሪያ ባል ሽኩር፣ ስሙን አሰርዢ ብሎ ሁለት ጊዜ አሳሰባት፤ ሁለቱንም ጊዜ ነገ እሄዳለሁ አለችው። ሦስተኛ አልጠየቃትም።

አሁን ታኅሣሥ ነው። ከሦስት ቀን በፊት አንድ ግመል ነጂ ከአገኘሽ መልእክት ይዞ መጣ፤ እሑድ ጧት እንግሊዞች ስደተኞቹን በካሚዮን ጭነው ወደ መሀል ሱዳን ይወስዷቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደሚኖሩ የሚያውቅ የለም። ወረቀቱን ከሣጥን አውጥታ አየሁሽ ፊት ያስቀመጠችው ራሷ ሁሪያ ነበረች።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። አየሁሽ ሻሹ ከታሰረላት በኋላ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። የሙስሊም ልጅ ማተብ አታስርም። ሁሪያ እጇን ያዘቻት።

«እሱን ተዪው፤ ሻሹ ይሸፍነዋል። ማተብሽን አስፈትቼ ብወስድሽ እናትሽን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«ማታ ብቻዎን ሲመለሱስ፣ ምን ይሏቸዋል?»

«ማዶ ሳለን ንዳድ ነጠቀኝ እላለሁ።» ሁሪያ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈችው። «ውሸቱ ቀኑ ብቻ ነው።»

በሩ ላይ የተቀመጠው አስተርጓሚ እንግዳው ይባላል፤ ከጎንደር ከመጣ ገና ወሩ ነውና ዘሊካን አያውቃትም። የሚያውቃት የከተማው ሰው ደግሞ ለጣሊያን ሹክ የሚል አልነበረም። እንግዳው ስሟን ጠየቀ፤ ከነአባቷ ነገረችው። በሕፃንነቷ የተከተበችውን የክንዷን ጠባሳ አየ፤ ከዚያ ፊቷን ትኩር ብሎ አየ።

«እርስዎ ቀይ፣ እሷ ጠይም» አለ።

«አባቷን ሱቁ በር ላይ ሂድና እየው» አለች ሁሪያ። «የምጣድ ጀርባ ነው። እኔም ካገባሁት ወዲያ ነው ያስተዋልኩት።»

እንግዳው ሳቀ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ነጭ ሹም የሳቁን ምክንያት ጠየቀውና ተተርጉሞለት እሱም ፈገግ አለ። ወረቀቱ ላይ ማኅተም ተመታ። «ሁለት ወጣችሁ» አለ እንግዳው ሁለት ጣቱን እያሳየ፤ «ሁለት ትመለሳላችሁ።»

አገኘሽ ማዶ፣ ከሮቃ ዛፍ ሥር ከተጠለሉት ስደተኞች መካከል ነበረች። ልጇን ስታይ አልጮኸችም። ቀረብ ብላ መዳፏን በልጅቱ አናት ላይ አሳረፈችና ቁመቷን ልትለካ ወደ ራሷ አካል ሳበችው፤ ትታት ስትሄድ ደረቷ ላይ የነበረው ቁመት ዛሬ አገጯ ደርሷል።

«አደግሽብኝ» አለች።

አየሁሽ በእናቷ ትከሻ ላይ ብዙ ቆየች። ስትለቃት ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው አንገት ለአንገት ተሳሳሙ።

«ዘሊካዬስ?» አለች አገኘሽ። «ምነው ሳታመጪያት?»

ሁሪያ ሻሿን አስተካከለች። «ደህና ናት። ሱቅ ትጠብቃለች።»

ሁሪያ ለቀስተኞች ቤቱን በሞሉበት ጊዜ እንኳ «ሞተች» የሚለውን ቃል ስትናገረው ሰምታት እንደማታውቅ አየሁሽ አሁን ትዝ አላት። ለልብ ወዳጇ ያልተናገረችውን ለጣሊያን ሹም እንዴት ትነግረዋለች? ጠረጴዛው ፊት ትንተባተባለች፤ ከዚያ ሁለተኛይቱ የት አለች ይሏታል። አየሁሽ ዝም ብትል ሁሪያ ለዛሬ ታርፋለች፤ ማታ ግን ብቻዋን ትያዛለች።

«እማዬ» አለች፤ «ዘሊካ ሞታለች። በመስከረም።»

ሁሪያ ዞራ አየቻት። አየሁሽ ዓይኗን አልሸሸችም፤ እንባዋ ግን ወረደ። አገኘሽ አንድም ሳትጠይቅ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰች፤ የሁሪያን እጅ ይዛ አጠገቧ መሬት ላይ አስቀመጠቻት። ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ ተቀመጡ። ሟቿን የሚያውቅ ከመካከላቸው አልነበረም።

«ሐሙስ ነበር» አለች ሁሪያ። «ውሃ አለችኝ። ቀድቼ ስመለስ ልጄ ሞታ ነበር።»

ያን ጊዜ አለቀሰች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፊቷን ታጠበችና ተነሣች። አየሁሽ እስከ ወንዙ ዳር ሸኘቻት።

«እትዬ፣ አብሬዎት ልመለስ?»

«ለእኔ ብለሽ?»

«አዎ።»

«እናትሽ አደግሽብኝ ስትል አልሰማሽም?» አለች ሁሪያ። ግንባሯን ሳመቻትና በደረቁ አሸዋ ላይ ብቻዋን ወረደች።

አየሁሽ ከዳር ቆማ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። ለእናቷ አልነገረቻትም እንጂ ቆርጣለች፤ ወታደሩ የሁሪያን ክንድ ከያዘ በአሸዋው ላይ ሮጣ ትሻገራለች፤ ዘሊካ እኔ ነኝ ትላለች።

ከማዶ እንግዳው ሁለት ጣቱን ሲያነሣ ታየ። ሁሪያ ቀጥ ብላ ቆመች። የምትለው አይሰማም፤ መዳፏን ደረቷ ላይ እንዳኖረች ግን ይታያል። የእንግዳው አንድ ጣት ቀስ ብሎ ታጠፈ። ጎንበስ ብሎ ወረቀቱ ላይ ጻፈ፤ ወታደሩም ከመንገዱ ገለል አለ።

አየሁሽ ሁሪያ ከአጥሩ ኋላ እስክትሰወር ጠበቀች። ከዚያ ጫማዋን አጠለቀች።