ይታይሽ እና ሁለተኛ የሌለው ሐይቅ

ይታይሽ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ከጣና ሐይቅ አጠገብ ነው፤ በሩ ግን የሚያየው ወደ ኮረብታው ነው።

አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበረ። በየማለዳው ከደንገል በተሠራች ታንኳው ወደ ሐይቁ ይወጣ ነበር። ደንገል በሐይቅ ዳር የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር ነው።

አሁን ግን አባቷ ወደ ሐይቁ አይወጣም። ታሞ አልጋው ላይ ተኝቷል። «እህ! እህ! እህ!» እያለ ያስለዋል።

አንድ ቀን ጎረቤቶች ሐይቁን እንዲያይ ብለው ከነአልጋው ሊያወጡት ሞከሩ። ደጃፉን ሳያልፉ ሕመሙ ጠናበት፤ ቀስ ብለው መልሰው አስገቡት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልሞከረም።

ስለዚህ አባቷ በየምሽቱ ይጠይቃታል፦ «ይታይሽ፣ ሐይቁ ዛሬ ምን መሰለ?»

«ሰማያዊ ነው» ትላለች ይታይሽ።

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ሰማያዊ ነበር።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«እሱም ሰማያዊ!»

 አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ በላዩ ላይ ምንም የለም።

ይታይሽ ያንን ባዶ ግድግዳ ጠላችው።

አንድ ማለዳ ወደ ሐይቁ ስትወርድ አንድ ድምፅ ሰማች። «ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!»

አንድ ሰውዬ ሦስት እግር ያለው እንጨት ይዘረጉ ነበር። በእንጨቱም ላይ ነጭ ሸራ አቆሙ።

ከኋላቸው አንዲት ግራጫ አህያ ደንገል ታኝካለች። «ቅርጭም! ቅርጭም!»

«ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው?» አለች ይታይሽ።

«ሐይቁን ልሥል ነው» አሉ ሰውዬው፣ ዓይናቸውን ከውኃው ሳያነሡ። «አምሳሉ እባላለሁ። አገር ለአገር እየዞርሁ፣ ደጅ ላይ ቆሜ፣ ያየሁትን እሥላለሁ። ይህች ደግሞ ሸጊት ናት። እሷ ያየችውን ትበላለች።»

ብሩሹ «ሽው! ሽው!» አለ። በነጩ ሸራ ላይ ውኃ መጣ።

ውኃው ሰማያዊ አልነበረም። ዳር ዳሩ ቡናማ፣ መሐሉ ብርማ፣ ሩቁ ደግሞ እንደ ርግብ ክንፍ ግራጫ ነበረ።

ይታይሽ ቀና ብላ እውነተኛውን ሐይቅ አየች። እሱም ልክ እንደዚያው ነበረ!

«ጋሼ፣ ይህን ሥዕል ይሽጡልኝ» አለች። «ለአባዬ ነው። ታሞ ሐይቁን ማየት አልቻለም።»

ጋሽ አምሳሉ ብሩሻቸውን አወረዱ። «በምን ትገዢዋለሽ?»

ይታይሽ ከኪሷ ሁለት ሎሚ አወጣች።

«ሎሚ እወዳለሁ» አሉ ጋሽ አምሳሉ። «ነገር ግን ሎሚ ነገም ዛፉ ላይ አለ። ይህ ሥዕል አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ የለውም። አንቺም ሁለተኛ የሌለው ነገር አምጪልኝ።»

«እንግዲያው በነጻ ይስጡኝ!»

«በነጻ የተሰጠ ሥዕል ከግድግዳ ላይ ቶሎ ይወርዳል። አይሆንም» አሉ። ከዚያ ግን እጃቸውን ዘረጉ። «አንዷን ሎሚ ግን አልጠላም።»

ይታይሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ሁለተኛ የሌለው ምን አላት? ዶሮዎቹ አምስት ናቸው። ማንኪያዎቹም ብዙ ናቸው።

አንድ ብቻ ያላት፣ ሁለተኛ የሌለው፣ አባቷ ነው። አባቷን ግን ለማንም አትሰጥም።

«እሺ፣ ፈልጌ አመጣለሁ» አለች በመጨረሻ። «እስከዚያው ግን የአባዬን ታንኳ እዚህ ዳር ላይ ይሣሉልኝ።»

«የት አለች?»

ታንኳዋ ጭቃው ውስጥ ተኝታ ነበር። ጠቁራለች፤ በስብሳለች። አንድ እንቁራሪት በላይዋ ላይ ተቀምጦ «ቋ! ቋ!» ይላል።

«እኔ የማየው የበሰበሰ ሣር ነው» አሉ ጋሽ አምሳሉ።

«እንደ ድሮዋ አድርገው ይሣሏት! ወርቅ ትመስል ነበር። ጫፏም ወደ ላይ ቀና ያለ ነበር!»

«ያላየሁትን አልሥልም።»

«ትንሽ አድርገው ብቻ!»

«ትንሽም ብትሆን ያላየሁትን አልሥልም» አሉ። «እዚህ የምቆየው ሦስት ማለዳ ነው። በሦስተኛው ማለዳ ሥዕሌን ጨርሼ እሄዳለሁ።»

ይታይሽ ወደ አያ ጫኔ ሮጠች። አያ ጫኔ ታንኳ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው።

«አያ ጫኔ! አያ ጫኔ! የአባዬን ታንኳ ያድኑልኝ!»

አያ ጫኔ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ታንኳ ከውኃ ስትወጣ ቆማ መድረቅ አለባት። አባትሽ ከታመመ ወዲህ ማንም አላቆማትም። ሞታለች።»

ይታይሽ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አያ ጫኔ አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። «ትልቅ ታንኳ በሁለት ቀን አትደርስም። አንቺን የምታህል ትንሽ ታንኳ ግን ትደርሳለች። የደረቀ ደንገል እኔ እሰጥሻለሁ። የምትሠሪው ግን አንቺ ነሽ።»

ይታይሽ ደንገሉን ሰበሰበች። በገመድ አሰረች። ውኃውም ላይ አኖረችው።

«ቡልቅ! ቡልቅ! ቡልቅ!»

ታንኳዋ ተፈታች። ደንገሉ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ሄደ። ሸጊት አንዱን ከውኃው አንሥታ «ቅርጭም!» አደረገችው።

«ያጠፋው ቋጠሮሽ ነው» አሉ አያ ጫኔ። «ታንኳ የሚይዘው ቋጠሮ ነው። የአባትሽ ቋጠሮ በዚህ ሐይቅ ላይ አንድም ቀን ተፈትቶ አያውቅም። ሂጂና እሱን ጠይቂው።»

በዚያ ምሽት አባቷ እንደ ልማዱ ጠየቃት፦ «ይታይሽ፣ ሐይቁ ዛሬ ምን መሰለ?»

«ዳር ዳሩ ቡናማ ነው» አለች ይታይሽ። «መሐሉ ብርማ ነው። ሩቁ ግን እንደ ርግብ ክንፍ ግራጫ ነው።»

በዚያ ምሽት አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አላዞረም።

«አባዬ፣ የታንኳ ቋጠሮ አሳየኝ» አለችው።

«ለምን ፈለግሽው?»

«እንዲሁ።»

አባቷ አየት አደረጋት። ከዚያም የለበሰውን ጋቢ ዘርፍ በጣቶቹ ያዘ። ጣቶቹ ቀጥነዋል።

«በላይ አሳልፊ። በታች አውጪ። በጉልበትሽ ጫኚ። ሳቢ!»

«እህ! እህ! እህ!» ሳሉ አቋረጠው። ይታይሽ እስኪያልፍለት ጠበቀች።

«እንደገና» አለ አባቷ። «በላይ አሳልፊ። በታች አውጪ። በጉልበትሽ ጫኚ። ሳቢ!»

እናቷ መጥታ ጋቢውን አየች። «ምነው እናንተ! ጋቢውን የዓሣ መረብ አደረጋችሁት እኮ!»

አባቷ ሳቀ። ይታይሽ አባቷ ሲስቅ ከሰማች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር።

በማግሥቱ ይታይሽ እንደገና ጀመረች። በላይ አሳለፈች። በታች አወጣች። በጉልበቷ ጫነች። ሳበች!

ጣቶቿ ቀሉ፤ ከዚያም ቆሰሉ። ከሐይቁ ውስጥ ጉማሬ «ፉርርር!» አለ። ይታይሽ ቀና ብላ አላየችም።

በላይ አሳለፈች። በታች አወጣች። በጉልበቷ ጫነች። ሳበች!

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ትንሿን ታንኳ ውኃው ላይ አኖረቻት። ታንኳዋ ተወዛወዘች፤ ግን አልተፈታችም። ጫፏን ቀና አድርጋ ተንሳፈፈች።

ይታይሽ ታንኳዋን ከውኃው አወጣቻት። ድንጋይ አስደግፋም አቆመቻት። ታንኳ ከውኃ ስትወጣ ቆማ መድረቅ አለባት።

ሦስተኛው ማለዳ መጣ። ጋሽ አምሳሉ ትንሿን ታንኳ አዩና ቆም አሉ።

«ይህችን አያታለሁ» አሉ። «ስለዚህ እሥላታለሁ። አንቺም አጠገቧ ቁሚ። አንቺንም አይሻለሁ።»

ብሩሹ «ሽው! ሽው!» አለ። ጋሽ አምሳሉ ታንኳዋን ሣሏት፤ አንድም ቋጠሮ ሳያስቀሩ ሣሏት።

ፀሐይ ከፍ ስትል ብሩሻቸውን ጠረጉ። «አለቀ። እንግዲህ፣ ሁለተኛ የሌለው ነገርሽ የት አለ?»

ይታይሽ ዞር ብላ ታንኳዋን አየች። የቆሰሉ ጣቶቿንም አየች። 

ሮጣ ታንኳዋን አቀፈቻት። «ሌላ ነገር አይሆንም?» አለች፣ በደከመ ድምፅ።

 ጋሽ አምሳሉ አልቸኮሉም። ቆመው ጠበቁ።

ይታይሽ ታንኳዋን እያዘገመች አመጣቻት። «ይህች አንድ ብቻ ናት፤ ሁለተኛ የላትም» አለች። «የአባዬ ቋጠሮ አለባት።»

ጋሽ አምሳሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ታንኳዋንም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «ከዚህ የበለጠ ዋጋ ከፍሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አሉ።

«ሸጊት እንዳትበላት!»

«ጀርባዋ ላይ ነው የማስራት። አፏ አይደርስም። አንቺም ተጠንቀቂ፤ ቀለሙ አልደረቀም።»

ይታይሽ ሥዕሉን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። አልሮጠችም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ኋላ አየች፤ ታንኳዋ በሸጊት ጀርባ ላይ እየተወዛወዘች ርቃለች።

እናቷ ግድግዳው ላይ ምስማር መታች። «ኳ! ኳ! ኳ!» ሥዕሉንም ሰቀለችው።

አባቷ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየ። «ዳር ዳሩ ቡናማ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «መሐሉ ብርማ ነው።»

ከዚያም ዓይኖቹን አጠበበ። «ይህች ታንኳ የማን ናት?»

«የእኔ ናት። እኔ ሠራኋት።»

«ቋጠሮው ግን የእኔ ነው።»

«አዎ፣ ቋጠሮው ያንተ ነው።»

«አሁን የት አለች?»

«ሥዕሉን ገዛሁባት» አለች ይታይሽ።

አባቷ የቆሰሉ ጣቶቿን በእጁ ውስጥ ያዘ። እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስም አልለቀቃቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠያቂዋ ይታይሽ ሆነች። «አባዬ፣ ሐይቁ ዛሬ ምን መሰለ?»

አባቷ ሥዕሉን አይቶ ይመልሳል። «ዛሬ ጸጥ ብሏል። ዓሣው ከጥልቁ ነው ያለው።»

በሌላ ቀን ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ከማዶ ነፋስ እየመጣ ነው። ዳር ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች፤ ሹራብ ትልበስ።»

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ጣሪያውን «ሽሽሽሽ!» እያለ መታው። የአባቷ ድምፅ በየቀኑ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ።

አንድ ማለዳ ይታይሽ ጠየቀች፦ «አባዬ፣ ሐይቁ ዛሬ ምን መሰለ?»

አባቷ አልመለሰም።

«አባዬ?»

አባቷ አልመለሰም። ዓይኖቹ ወደ ሥዕሉ እንደ ዞሩ ነበር። እናቷ መጥታ በመዳፏ ከደነቻቸው።

ብዙ ሰዎች መጡ። ብዙ አለቀሱ። ከዚያም አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሄዱ። አልጋው ባዶ ሆነ።

ይታይሽ ለብዙ ቀናት ወደ ሐይቁ አልወረደችም። ሥዕሉንም አላየችም። ፊቷን ወደ ሌላው ግድግዳ አዙራ ትተኛለች።

አንድ ቀን ጠዋት አያ ጫኔ ደጃፉ ላይ አንድ እቅፍ የደረቀ ደንገል አስቀመጡ። ከዚያም ሄዱ።

ይታይሽ ደንገሉን አየችው። ዳሰሰችው። ከዚያም ተነሥታ ወደ ሐይቁ ወረደች።

በዚያ ምሽት ከእናቷ ጋር በአባቷ አልጋ ላይ ተኛች። ውጭ ዝናቡ «ሽሽሽሽ!» ይላል።

 እናቷ በቀጭን ድምፅ ጠየቀቻት፦ «ይታይሽ፣ ሐይቁ ዛሬ ምን መሰለ?»

ይታይሽ «ሰማያዊ ነው» አላለችም።

«ቀይ ነው» አለች። «ጎርፍ ገብቶበት ሸክላ መስሏል። አንድ መንቁሩ የረዘመ የሻላ ወፍ ብቻውን ቆሟል። ደግሞም፣ እማዬ፣ የአባዬ ታንኳ የበሰበሰችበት ቦታ ላይ አዲስ ደንገል በቅሏል። ትንሽ ነው፤ ጣቴን ያህላል።»

እናቷ ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። «ነገስ? ነገ ምን ይመስል ይሆን?»

ይታይሽ ቀና ብላ ሥዕሉን አየች። ትንሿ ታንኳ እዚያ ዳር ላይ ቆማለች፤ አልበሰበሰችም።

«ነገን ገና አላየሁትም» አለች። «ሄጄ አየዋለሁ።»

እናቷ የአባቷን ጋቢ አለበሰቻት። በጋቢው ዘርፍ ላይ ቋጠሮዎቹ አሁንም አሉ፤ አንዱም አልተፈታም።

ይታይሽ አንዱን ቋጠሮ በጣቶቿ ያዘች። አጥብቃ እንደ ያዘችውም እንቅልፍ ወሰዳት።