አቤት የሚለው ማሳ

ለሚመለከተው ሁሉ! የሥራ ሥር ሰብል ባለሙያው አቶ ልየው፣ በሰሜን ጋና አንዲት የገጠር መንደር ውስጥ፣ ያለ ማንም እርዳታ የሸሚዙን ሦስተኛ ቁልፍ ራሱ መስፋቱን በታላቅ ደስታ እንገልጻለን። ደስታውን የሚካፈለው ግን አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ በአማርኛ ያናገረው ሰው የለም።

ማለዳ ማለዳ ብቻውን ወደ ቦዬ ማሳው ይወጣል። እዚያ አገር ቦዬ፣ ሥሩ እንደ ድንች የሚበላው ሐረግ፣ የሚተከለው ወገብ በሚደርስ የአፈር ጉብታ ውስጥ ነው፤ በበጋ ከበረሃ የሚመጣው ነፋስ አቧራውን አንስቶ ፀሐይዋን ሲጋርዳት፣ እያንዳንዱ ጉብታ ጀርባውን ሰጥቶ ያጎነበሰ ሰው ይመስላል። የመንደሩ ሰው ቦዬ የሚያወጣው ሁለት ሁለት ሆኖ፣ ከማሳው ጫፍና ጫፍ በስም እየተጠራራ ነው። ብቻውን የወጣ ግን ትንፍሽ አይልም።

«ለምን አባባ?» ብሎ ጎረቤቱን፣ ሽማግሌውን ያኩቡን፣ በቋንቋቸው ጠይቋቸው ነበር።

«ጓደኛ ሳይኖርህ ማን እንዲመልስልህ ትጣራለህ?» ብለው ሳቁበት። «ይልቅ ሚስት አግባ!»

አንድ ረፋድ ላይ፣ ደረቁ ሐረግ በነፋሱ ሲንኮሻኮሽ፣ ብቸኝነቱ ጠናበት። የሚጠራው ስም ቢያጣ የራሱን ጠራ።

«ልየው!»

«አቤት!» አለ አንድ ድምፅ፣ ከአቧራው ውስጥ።

ዶማው ከእጁ ወደቀ። መሸሽ ነበረበት፤ ግን አማርኛ ነው!

«ማነህ አንተ?»

«ሰው ነዋ። አውራኝ እስቲ፤ ወሬ ጠምቶኛል።»

በየቀኑ እየሄደ አወራው። ድምፁ የእናቱን ስም፣ የልጅነት ቁስሉን፣ የሚተኛበትን ጎን ሳይቀር ጠየቀው፤ ልየውም ሁሉንም ነገረው። ድምፁ በየቀኑ አንድ ጉብታ ይቀርባል። የማሳው ድምፅ እየጎላ ሲሄድ የልየው ድምፅ ሰለለ፤ ያኩቡም «ጉንፋን ነው?» አሉት።

በስምንተኛው ቀን «አቤት» የመጣው ከእግሩ ሥር ካለው ጉብታ ነበር።

«እጅህን ስጠኝ፤ ደክሞኛል።»

ልየው አመነታ። ነገን አሰበ፤ ከማንም ጋር ሳያወራ የሚመሽበትን ነገ። እጁን እስከ ክርኑ አፈሩ ውስጥ ሰደደ። የጨበጠው እጅ ሞቃት ነበር።

ከዚያ ጨለማ፣ የእርጥብ ሥር ሽታ፣ ደረቱ ላይ የተጫነ ክብደት። ከላይ አንድ ሰው በዶማ አፈር እየደለደለ ነው። የያኩቡ እርምጃ ተሰማ።

«ልየው! ድምፅህ ዛሬ ተሻለው ልበል? ከሩቅ ስትዘፍን ሰማሁህ።»

«አባባ! እዚህ ነኝ!» አለ ልየው፣ አፉን አፈር እየሞላው።

ዶማው ቆመ።

«ከታች የሚጮኸው ማን ነው?» አሉ ያኩቡ።

«አልነግርዎትም፤ ስሙ አሁን የእኔ ነው» አለ ዶማውን የያዘው፣ በልየው ድምፅ፣ ከላይ።