አራት አስረኛ ሴኮንድ

ጥይት የሩጫ ማጣሪያውን አልፋ ነበር። አላለፍሽም ያስባለቻት የገዛ ጓደኛዋ ናት።

ጥይት በፍጥነቷ የወጣላት ስም ነው፤ ጓደኛዋን ደግሞ ሁሉም መነጽር ነው የሚሏት። ካወለቀችው እናቷንም ከበር አትለይም። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ናቸው፤ ጥይት ትሮጣለች፣ መነጽር ሰዓት ትይዛለች።

ሰዓቱ ሁለት አሮጌ ላፕቶፕ ነው። አንዱ መነሻው ላይ ሆኖ ሽጉጡ ሲጮህ ይመዘግባል። ሌላው መጨረሻው ላይ ሯጯ መስመሩን ስታልፍ ይመዘግባል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ውጤቷ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ግን ውጤቱ ውሸት ነው።

ማጣሪያው ቅዳሜ ነበር። ዕድሜዋ ከአስራ አምስት በታች ሆና ሁለት መቶ ሜትርን በሃያ ስድስት ሴኮንድ ውስጥ የገባች ስፖርት አካዳሚ ትገባለች። ጥይት አስራ አምስት ሊሞላት አራት ወር ቀርቷታል።

አርብ ዕለት የኮምፒውተር አስተማሪው መነጽርን ጠራት።

«ስሚ፣ ዛሬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዓለም ሰዓት አንድ ሴኮንድ ትጨመራለች።»

«ማን ነው የሚጨምራት ቲቸር?»

«ምድር ናት ጣጣዋ። ስትሽከረከር ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ትቀራለች። አልፎ አልፎ ሰዓቱ አንድ ሴኮንድ ቆሞ ይጠብቃታል።»

«እንደ እኔ ናታ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ።»

አልሳቀም። «ችግሩ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሰዓቱን ከኢንተርኔት ነው የሚቀዳው፤ አንዳንዱ ምንጭ ሴኮንዷን በአንድ ጉርሻ ይውጣታል። ሌላው ሰዓቱ ድንገት እንዳይዘል ፈርቶ፣ ከዚያ ጀምሮ ግማሽ ቀን እየቆነጠረ ይበላታል። ስለዚህ ነገ ምንጮቹ እርስ በርስ አይስማሙም። ሁለቱንም ላፕቶፕ ከአንድ ምንጭ አገናኚ። የፈለገው ይሁን፣ ብቻ አንድ ይሁን።»

የመነሻውን አስተካከለች። የመጨረሻው መስመር ላፕቶፕ ግን ፕሮግራሙን በማደስ ላይ ነበር፤ አርባ ከመቶ ላይ ተገትሮ አልነቃነቅ አለ። አምስት ደቂቃ ጠበቀች። ሆዷ ጮኸ። ክዳኑን ዘግታ ወጣች።

በሩ ላይ አስተማሪው፣ «ሁለቱንም?» አላት።

«ሁለቱንም» አለች።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ጥይት ሁሉንም አምስት እርምጃ ጥላ ገባች። ስክሪኑ ላይ ሃያ ስድስት ነጥብ ሁለት ወጣ። አሰልጣኙ በእጁ የያዘውን ሰዓት አየ። ሃያ አምስት ነጥብ ስምንት ይላል። ራሱን ነቀነቀ።

«እጅ ይቸኩላል። እኔ የምጽፈው ኮምፒውተሩን ነው።»

«ፀጉሬን ተላጭቼ ብመጣ ኖሮ» አለች ጥይት። ማንም አልሳቀም። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ማልያዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ሰኞ መነጽር የመጨረሻውን ላፕቶፕ ከፈተችው። ምንጩ ያ እየቆነጠረ የሚበላው ነው፤ የመነሻው ግን በአንድ ጉርሻ የሚውጠው ነበር። አሰላችው። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሴኮንዷን በልቶ ስላልጨረሰ ሰዓቱ ከመነሻው በአራት አስረኛ ሴኮንድ ይቀድም ነበር። ቀነሰችው። ሃያ አምስት ነጥብ ስምንት። ደግማ ቀነሰችው። ያው ነው።

ስም ዝርዝሩ ወደ አካዳሚው የሚላከው ሐሙስ ነበር።

ሰኞ፣ ነገ እናገራለሁ አለች። ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ የመምህራን ክፍል በር ድረስ ሄደች። ከውስጥ የኮምፒውተር አስተማሪው ድምፅ ይሰማል፤ «ያቺ ልጅ ባትኖር ጉድ ፈልቶብን ነበር። አንድ ጊዜ ከነገርካት በቃ፣ ጨርሳ ነው የምታገኛት» ይላል። ተመለሰች። ሐሙስ ዝርዝሩ ሄደ። ጥይት የለችበትም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ጥይት ሜዳ መውጣት ተወች። የመሮጫ ጫማዋን ለአክስቷ ልጅ ሰጠችው። ከክፍል ስትወጣ የአክስቷ ልብስ ስፌት ቤት ገብታ ቁልፍ ትተክላለች።

«አክስቴ እውነቷን ነው» አለች አንድ ቀን፣ መንገድ ላይ። «እግር ያታልላል። እኔ ፈጣን ነኝ ብዬ ስንት ዓመት ሙሉ ራሴን ስሸውድ!»

መነጽር የያዘችው ማስቲካ አፏ ውስጥ ድንጋይ ሆነ። ተፋችው።

በማግስቱ የሁለቱንም ላፕቶፕ መዝገብ አትማ ስፌት ቤቱ ሄደች።

«መነጽርዬ፣ ነይ ግቢ» አሉ አክስትየው። «ዛሬ ደግሞ ምን ቀደድሽ?»

«ምንም እትዬ። እሷን ፈልጌ ነው።»

ጥይት መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ክር መርፌ ውስጥ ታስገባለች። መነጽር ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችላት።

«አልፈሽ ነበር።»

«ምኑን?»

«ማጣሪያውን። ሰዓቶቹ አልተስማሙም። አስተካክይ ተብዬ ሳላስተካክል፣ አስተካክያለሁ አልኩ። በሃያ አምስት ነጥብ ስምንት ነው የገባሽው።»

የልብስ ስፌት መኪናው ቆመ። አክስትየው እግራቸውን ከፔዳሉ አላነሱም፤ ግን አይረግጡትም።

ጥይት ወረቀቱን ብዙ አየችው። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሰኞ።»

«የትኛው ሰኞ?»

«ከውድድሩ ቀጥሎ ያለው።»

«ዝርዝሩ የሄደው ሐሙስ ነው።»

«አዎ።»

«ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀምጠሽ ምሳ በልተሻል።»

መነጽር ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። ጥይት እጇን አነሳች፣ እንዳትናገር። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት። መርፌዋን ወደ ብርሃኑ ይዛ ቀዳዳውን እንደገና ትፈልግ ጀመር። አላገኘችውም።

«ሂጂ» አለች።

መነጽር ወጣች። የአሰልጣኙ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ወረቀቱን ይዛ ሄዳ አንኳኳች።