ያልተቀየረችው ቀለበት

«ወንድሜ፣ ካቴና ትቀይራለህ?»

ቶርኖው ላይ አቀርቅሬ ብረት እየላጨሁ ነበር። ቀና ስል ሰውየው ደነገጠ፤ ጆሮው ሳይቀር ቀላ።

«ይቅርታ እህቴ... ኮፍያሽ ነው...»

«ግድ የለም» አልኩት። «ወንድምህም ብሆን የምቀይረው እኔው ነኝ።»

ሳቀ። ሳቁ ደስ ይላል፤ አልዋሽም። ከወገብ በላይ ዱቄት፣ ከወገብ በታች ጭቃ ሆኗል። ዳቦ አከፋፋይ ነው። የሚገፋት ሞተር ሳይክል ከኔም ከሱም ዕድሜ ትበልጣለች፤ ካቴናዋ ተበጥሶ ከኋላዋ ይጎተታል።

ቁጭ ብዬ አየኋት።

«ይህን የሚያህል ሰፊ ካቴና ዛሬ ገበያ ላይ የለም። ያለው ጠበብ ያለው ነው። እሱን ካስገባን ካቴናው የሚዞርበት ጥርስ፣ የፊቱም የኋላውም፣ አብሮ ይቀየራል።»

«የኋላውን ቀይሪው። የፊቱን ግን ጎኑን በቶርኖ አቅጥኚልኝና ይቆይ።»

«ማቅጠኑስ ቀላል ነበር። ግን ጫፉ ተበልቶ መንጠቆ ሆኗል እኮ። አዲሱን ካቴና ይጨርሰዋል።»

«አባቴ በእጁ የሠራው ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሲያርፍ ከእጁ ሥራ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ስለ ብረት ሲሆን አፌ ይቀድመኛል።

«ማንም ይሥራው፣ አልቋል» አልኩ።

ፊቱ ተለወጠ። ሞተሩን እየገፋ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አልጠራሁትም።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው በደጃችን ያልፍ ጀመር። ሌላ ጋራዥ ውስጥ የፊቱን ጥርስ አቅጥነው የኋላውንና ካቴናውን ቀይረውለታል። ዘወር ብሎ እንኳ አያየኝም። ሞተሩ ግን «ቀጭ... ቀጭ...» ትላለች፤ ካቴናው በተበላው ጥርስ ላይ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው። አውቀዋለሁ። ከቀን ወደ ቀን እየባሰ ሄደ።

አጎቴ፣ የቶርኖ ቤቱ ባለቤት፣ ሲታዘበኝ ሰንብቶ አንድ ቀን ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ ያ ሞተር ሲያልፍ ለምንድን ነው ማሽኑን የምታጠፊው?»

«ድምፁን ልሰማ ነው፣ ጋሼ።»

«በጆሮሽ ነው በልብሽ?»

ወደ ሥራዬ ዞርኩ። በማግስቱ ወደ ደጃችን ከሚያወጣው ዳገት ሥር መንገዱ መሃል ቆሜ ጠበቅሁት። ፍሬን ያዘ።

«ውረድ» አልኩት።

«ትክክል ነበርሽ እንድልሽ ነው?»

«ካቴናው ወጥቶ የኋላውን ጎማ ከያዘው ትወድቃለህ። ያኔ ትክክል መሆኔ ምን ይሠራልኛል?»

«እኔ ብወድቅ አንቺን ምን ቸገረሽ?»

ሰው እያየን ነበር። በመንገዱ የሚያልፉ ሴቶች ወሬያቸውን ትተው እኛን ያዳምጣሉ።

«ቸገረኝ» አልኩ።

ወረደ። ሞተሩን አብረን ወደ ቶርኖ ቤቱ ገፋን። ዳቦውን አጎቴ አደርሳለሁ ብሎ ተሸከመ፤ ብቻችንን እንድንቀር የፈለገ ይመስለኛል።

የፊቱን ጥርስ ፈታሁና በናፍጣ አጠብኩት። ያቀጠነው ሰው ዳር ዳሩን ብቻ ነው የነካው፤ መሃሉ በደረቀ የግራሶ ቅባት እንደተሸፈነ ነበር። ግራሶው ሲለቅ የፋብሪካ ማህተም ብቅ አለ። ልደብቀው አሰብኩ... ግን አይቶታል።

«ከሱቅ የተገዛ ነው?» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «ይቺን ሞተር በእጄ ነው ያስተካከልኳት ይለኝ ነበር እኮ። አባቴ ዋሸኝ?»

እንዲህ የሚጠይቅን ሰው ምን ብዬ እንደማጽናና ስለማላውቅ ወደ ሞተሩ ተመለስኩ። ጥርሱ የነበረበትን ዘንግ በጨርቅ ስጠርግ ጣቴ ቀጭን ነገር ነካ። አንድ የብረት ቀለበት ነው። አውጥቼ ወደ ብርሃኑ ያዝኩት። ዳሩ ወጣ ገባ ይላል፤ የሞረድ ጭረት ዙሪያውን ሞልቶታል።

«ና፣ እየው» አልኩት። «ይህን ፋብሪካ አያወጣውም። አባትህም በጊዜው የቀድሞውን ጥርስ አውጥቶ ሌላ መጠን ያለው ገጥሞላታል። አዲሱ ከኋላው ጥርስ ጋር ቀጥ ብሎ አልሰለፍ ሲለው ይህን በሞረድ ሠርቶ ከጀርባው አስገባ። የእጁ ሥራ ይሄ ነው። አልዋሸህም።»

ቀለበቷን በመዳፉ ይዞ ተቀመጠ። አለቀሰ፤ እንዳላየ ሆኜ ብሎን ለቀምኩ።

«እሷም ትጣላለች?» አለኝ በመጨረሻ።

ለካሁ። አዲሱን ጥርስ ገጥሜ ከኋላው ጋር አስተያየሁት፤ ያለ ቀለበቷ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከሷ ጋር ቀጥ ይላል።

«አትጣልም። ያለሷ አይሆንም።»

አዲሱን ካቴና አብረን አጠለቅነው። ጎማውን በእጁ አዞረው፤ ኮሽ አላለም። ከዚያ ያለቀውን ጥርስ ራሱ አንስቶ ቁርጥራጭ ብረት የምንጥልበት በርሜል ውስጥ ከተተው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ?» አለ ጀርባውን እንደሰጠኝ። «ዳቦ የማደርስላቸው ሱቆች ሁሉ በዚያኛው መንገድ ናቸው። በዚህ በኩል ዙሪያ ጥምጥም ነው።»

«ታዲያ ለምን...?»

«ተቀይሜሽም ሳላይሽ መዋል አቃተኝ።»

ዞረና እጄን ያዘኝ። እጄ እስከ ክንዴ ጥቁር ነበር፤ ልነጥቀው ሞከርኩ።

«ግራሶ ነው፣ ይነካሃል» አልኩት።

«ይንካኝ» አለ፤ አለቀቀኝም።